የቀመሪያ መድኃኒት

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወንድሜ ጉሌድ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ስትከፍት ተቆጥተህ እንደሆነ አውቃለሁ። ተቆጣኝ፣ ግድ የለም፤ ብቻ እስከ ታች አንብበው። ቱሪያ ዕቃዋን ጭና ከጅቡቲ በተመለሰች ቁጥር «ጉሌድ ጣቢያ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ደብዳቤ የለም ስለው አንገቱን ደፍቶ ሄደ» ትለኛለች። ወረቀትም እስክሪቢቶም ነበረኝ። የምጽፈውን ነው ያጣሁት።

ለጠየቅኸኝ መልሱ ይኸው፤ ሴት ናት። ግንባሯና ረጃጅም ጣቶቿ ያንተ ናቸው፣ ቁጣዋ የእህቴ የቀመሪያ ነው። እኔ ቤት ናት፣ ደህና ናት። እናቷ «ስሟን አባቷ ያውጣላት» ስላለች እስካሁን ሚጢጢ እያልን ነው የምንጠራት።

እናቷ ግን እኔ ቤት አይደለችም። ሆስፒታል ናት። አትደንግጥ። ከወለደች በኋላ ትንሽ ትኩሳት ያዛት፣ አልወርድ ሲል ይዣት ሄድኩ። አልጋ ሰጥተዋታል፣ መርፌም እየወጓት ነው። ዶክተር ክፍሉ የሚባል ሐኪም ይከታተላታል፤ ወጣት ነው፣ ሰው ያናግራል። አብሮ ያለውን ወረቀት የጻፈው እሱ ነው። መድኃኒቱ ጄንታማይሲን ይባላል፣ በብልቃጥ የሚመጣ መርፌ ነው። ሆስፒታሉ አልቆበታል። ከከዚራ እስከ መጋላ ያልጠየቅኩት ፋርማሲ የለም፤ ሐረርም ሰው ልኬ ነበር። ዶክተሩ «ጅቡቲ ሰው ካለሽ እዚያ አይጠፋም» አለኝ። ሰው አለኝ አልኩት። ማን እንደሆነ አልነገርኩትም።

አደራህን፣ መድኃኒቱን ላክ እንጂ አንተ እንዳትመጣ። ይህን የምልህ እኔ ብቻ አይደለሁም። ቀመሪያም «ከመጣ አላናግረውም በዪው» ብላለች። ስትለኝ ፈገግ ብላ ነበር።

እህትህ ዛምዛም


ጅቡቲ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1972 ዓ.ም.

አባዮ ዛምዛም፣ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ወደቡ ላይ፣ ከምሸከማቸው ጆንያዎች መሃል ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ፎርማኑ ጮኸብኝ፣ አልሰማሁትም። ሴት ናት! አቦ ዛምዛም፣ ይህን አንድ ቃል ለመስማት ስንት ባቡር ጠበቅኩ። በድሪያ በሏት፣ በእናቴ ስም። ቀመሪያ ካልወደደችው ግን የወደደችውን ትበላት። የደከመችው እሷ ናት።

መድኃኒቱን አግኝቻለሁ። እዚህ ፋርማሲ የሚሠራ አብዲራህማን የሚባል የድሬ ልጅ አለ። ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ማነው የታመመው?» አለኝ።

«ሚስቴ። ወልዳ ትንሽ ትኩሳት ያዛት።»

«ጉሌድ፣ ይሄ ለትንሽ ትኩሳት አይታዘዝም» አለኝ።

እና አሁን እኔ ማንን ልመን? አንቺ ትንሽ ትያለሽ፣ እሱ ትንሽ አይደለም ይላል። እውነቱን ጻፊልኝ። ትበላለች ወይ? ትናገራለች ወይ? ሰው ለይታ ታውቃለች ወይ? ካልጻፍሽልኝ ሌላ ደብዳቤ አልጠብቅም፣ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ።

ቱሪያ ግማሾቹን ብልቃጦች ሩዝ ውስጥ ቀብራለች፣ ግማሾቹን ወገቧ ላይ አስራለች። «ሩዙን ቢወስዱ ወገቤ ይቀራል» ትላለች። ይህችን ሴት አላህ ይጠብቃት።

ቀመሪያን ግንባሯን ሳሚልኝ።

ጉሌድ


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወንድሜ ጉሌድ፣

መድኃኒቱ ከነሩዙ ገባ። ፈታሾቹ የቱሪያን የሽቶ ካርቶን ወስደው ሩዙን ተዉላት። ዶክተር ክፍሉ አንዱን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ጽሑፉን አነበበና «ራሱ ነው» አለ። እዚያው ቆሜ እያየሁ ተወጋች።

አብዲራህማን ልክ ነው። ነገሩን አሳንሼ ነው የጻፍኩልህ። አሁን እንዳለ ልንገርህ፤ ብቻ ስትጨርስ ተነስተህ ባቡር እንዳትሳፈር።

ቤት ነው የወለደችው። አዋላጇ የእንግዴ ልጁ ወጥቷል ብላን ነበር፤ ለካ ቁራጭ ውስጥ ቀርቷል። መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ቀጥሎ ሰውነቷ እንደ እሳት ነደደ። የሚፈሳት ደም ሽታው ሌላ ሆነ። ያኔውኑ ሆስፒታል መውሰድ ነበረብኝ፣ አልወሰድኳትም። ሆስፒታሉ የቀበሌ ወረቀት ይጠይቃል፣ ቀበሌው ደግሞ «ባሏ የት ሄደ?» ይላል። ወንድምህን ሰማታርን በግንቦት «ለጥያቄ ነው» ብለው ከምሳው ላይ አንስተው ከወሰዱት ወዲህ፣ የት እንዳለ የነገረን ሰው የለም። አንተም በዚያው ሰሞን ባትሻገር ኖሮ ከእሱ ጋር ነበርክ። ስለዚህ ፈራሁ። እርጥብ ፎጣ እየለዋወጥኩ ቤት ያዝኳት። እኔን «እማዬ» ብላ መጥራት ስትጀምር ነው በጋሪ ጭኜ የሮጥኩት።

ዶክተሩ መጀመሪያ ፔኒሲሊን ከክሎራምፌኒኮል ጋር ጀመረላት። ትኩሳቱ ጠዋት ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይመለሳል። «ጀርሙ ደሟ ውስጥ ገብቷል፣ ይሄ መድኃኒት አልበገረውም። ሌላ ያስፈልገኛል፣ የለኝም» አለኝ። ከዚያ የከበደውን አመጣ። መግሉ ያለው ማህፀኗ ውስጥ ነው፣ እሱ ካልወጣ መርፌ ብቻውን አያድናትም አለኝ። ለኦፕራሲዮኑ የባል ፊርማ ተጠየቅኩ።

«ባሏ የት ነው?» አለኝ ጸሐፊው።

«ሞቷል» አልኩ።

«መቼ?»

«ክረምት ላይ።»

ይቅር በለኝ ጉሌድ። በአፌ ገደልኩህና በቦታህ ፈረምኩ። ማህፀኗ ወጥቷል። ሌላ ልጅ አትወልድም። ይህን ነው ወረቀቱ ላይ ማስፈር ያቃተኝ።

ትበላለች ወይ ላልከው፣ ውሃ በማንኪያ ትወስዳለች። ሰው ታውቃለች። በድሪያ የሚለውን ስም ስነግራት ዓይኗን ጨፍና ደጋግማ አለችው፤ ወዳዋለች።

አጠገቧ የተኛችው የኔነሽ የምትባል የወታደር ሚስት ናት። ባሏ ሰሜን ዘምቷል። ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞቶ በኦፕራሲዮን አወጡላት፤ ቁስሉ መግል ይዞ እሷም እንደኛዋ ትቃጠላለች። ቀለል ሲላት በካርቶን ቁራጭ ለቀመሪያ ታራግብላታለች። ጠያቂ የላትም፤ የወሰድኩትን ለሁለቱ አካፍላለሁ።

ሁለት ሰዎች ቤቴ መጥተው ነበር። «ጉሌድ ይጽፋል?» አሉኝ። «ሚስቱን እንኳ ረስቷታል» አልኳቸው። አንዱ ቦታ ሞተሃል፣ ሌላው ቦታ ረስተኸናል። እዚያው ቆይ።

ዛምዛም


ጅቡቲ፣ ኅዳር 3 ቀን 1972 ዓ.ም.

አባዮ፣

ደግ አደረግሽ፣ እንኳን ገደልሽኝ። ለእሷ ከሆነ ደግመሽ ግደይኝ።

በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ የማላውቀው ቃል ነበር፣ ማህፀን የሚል። አማርኛዬን ታውቂዋለሽ፣ ከወደብና ከባቡር ወሬ አያልፍም። አብዲራህማን ጋ ወሰድኩትና በሶማሊኛ ነገረኝ። ከፋርማሲው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፤ ውሃ አመጣልኝ።

ለቀመሪያ እንዲህ በዪያት። አስር ልጅ እንወልዳለን እያልኩ የማስቃት ቀልድ ነበር። አንዷ በድሪያ ትበቃናለች። ይህን በራሴ አፍ ብነግራት ይሻል ነበር፣ አንቺ ንገሪልኝ። ስትነግሪያት እጇን ያዢ።

ሌሎች ብልቃጦች ልኬአለሁ። አብዲራህማን ከመደርደሪያው ላይ የቀረውን ነው የሰጠኝ፤ አሠሪው ቢያውቅ ከሥራ ያባርረዋል። ቀጣዩ በመርከብ ይመጣል ብሏል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ቀመሪያ አንድ መስመር ትጻፍልኝ። ትምህርት ቤት ሳለን ከፊቴ ትቀመጥ ነበር፤ የጻፍኩትን አማርኛ ዞር ብላ እያየች በእርሳስ ታርምልኝ ነበር። አሁንም ብትፈልግ ትሰርዝልኝ። አንድ ጭረት ይበቃኛል፣ የእሷ እጅ ይሁን ብቻ።

ጉሌድ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወንድሜ ጉሌድ፣

የላክኸው ደርሷል። መርፌው ቀጥሏል።

ትኩሳቱ ወርዷል። ትላንት ጠዋት ዶክተር ክፍሉ የሙቀት መለኪያውን አየና አላመነውም፤ አራግፎ እንደገና አስገባው። ያው ነው። «ሠራ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ዛሬ ሾርባ ጠጥታለች። ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት፣ ፀጉሯን አበጠርኩላት።

መስመር ትጻፍልኝ ላልከው፣ እጇ አብጧል፤ መርፌ የገባበት ሁሉ ጠቁሯል። እስክሪቢቶ አይይዝም። በዚህ አታስጨንቀኝ።

ዶክተሩ አሁን መቋረጥ የለበትም ይላል። በግማሽ ከተተወ ጀርሙ በርትቶ ይመለሳል፣ ያኔ የሚመልሰው የለም። ብትችል ጨምር። ካጣህም ቶሎ አስታውቀኝ።

በድሪያ አለች። የዱቄት ወተቱን አንዳንዴ ታስመልሳለች።

ደብዳቤው ስላጠረ ይቅርታ። እጄ እንቢ ብሎኛል።

ዛምዛም


ጅቡቲ፣ ኅዳር 13 ቀን 1972 ዓ.ም.

አባዮ ዛምዛም፣

አልሐምዱሊላህ! ደብዳቤሽን አንብቤ ጣቢያው ላይ ጮህኩ። አንድ ጠባቂ መጥቶ «ምን ሆንክ?» አለኝ። «ሚስቴ ሾርባ ጠጣች» አልኩት። እብድ መስዬው ሄደ። ለወደቡ ሰዎች ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ፣ አንድ ሽማግሌ የመናዊ ዱዓ አደረገላት።

መርከቡ ገና ነው፤ ግን አብዲራህማን ከሌላ ፋርማሲ ለምኖ አምጥቶልኛል። ከቱሪያ ጋር ነው። አንዱም እንዳይቀር፣ እስከ መጨረሻው ትወጋ። አብዲራህማን ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። ይህ መድኃኒት ሲረዝም ኩላሊትና ጆሮ ይነካል፤ ሽንቷን ይከታተሉ፣ ጆሮዋ ጭው ካለ ትንገራቸው ይላል። ለዶክተሩ ንገሪው።

ሽቲ ቀሚስ ገዝቼላታለሁ፣ ሰማያዊ ነው። ቀለሙን ሳማርጥ ሻጩ ሳቀብኝ። ስትበረታ እናንተን ወደዚህ የማምጣበትን መንገድ እያሰብኩ ነው። ከቱሪያ ጋር ነጋዴ መስላ ብትሳፈር የሚያውቃት የለም። ድንበሩን እንዳለፋችሁ አሊ ሳቢህ ላይ አክስቴ አለች፣ እዚያ ታርፋለች።

ቱሪያን ምን አድርጌአት ይሆን? ድሮ ወሬዋ አያልቅም ነበር። አሁን «ቀመሪያን አየሻት? ከሳች?» ስላት «ዛምዛም ትጽፍልሃለች» ብላ ፊቷን ታዞራለች። አስቀይሜአት ከሆነ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ጉሌድ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 18 ቀን 1972 ዓ.ም.

ጉሌድ፣

ይህን ደብዳቤ ሥራ ቦታህ ድረስ ወስዳ እንዳትሰጥህ ለቱሪያ ነግሬአታለሁ። ቁጭ በል።

ቀመሪያ ሞታለች። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ኅዳር 4 ቀን፣ ዙህር ሊሰገድ ሲል ሞተች፤ ከዓስር በፊት ተቀበረች። ሁለተኛው ጥቅልህ ያኔ ባቡር ላይ ነበር።

የመጀመሪያውን መድኃኒት ወስዳለች። የቀረባት የለም። ግን ሽንቷ ቀድሞ ቆሞ ነበር፣ እግሮቿ አበጡ፣ ትንፋሿ አጠረ። ዶክተሩን ኮሪደር ላይ ይዤ «መድኃኒቱ ይኸው መጣ አይደል? ለምን አልሠራም?» አልኩት። «መድኃኒቱ ትክክለኛው ነው። እሷ ግን ቀድማን ሄዳለች» አለኝ። መነጽሩን አውልቆ በጋዋኑ ሲጠርግ አየሁት። ቤት ያቆየኋትን ቀናት አላነሳብኝም። ማንሳት አላስፈለገውም።

አእምሮዋ እስከ መጨረሻው ነበር። ያልከውን ስለ አስር ልጅ አልሰማችም፣ ደብዳቤህ አልደረሰባትም። በዚያ ጠዋት እንዲህ አለችኝ። «ለጉሌድ አሁን እንዳትነግሪው። ለቀብሬ ይመጣል፣ ይይዙታል። በድሪያ ያለ ሁለታችን ትቀራለች።» እሺ አልኳት። «ማዪልኝ» አለችኝ። ወላሂ አልኳት።

አልተሳሳተችም። ለቅሶ በተቀመጥንበት ድንኳን እነዚያ ሁለት ሰዎች በየቀኑ መጥተው ተቀመጡ። ውሃ እንኳ አልጠጡም። የሚገባውን ወንድ ሁሉ ፊት ያያሉ። አንተን ነበር የሚጠብቁት።

አሁን ሌላውን ልንገርህ። በቀብሯ ማግስት አንሶላዋንና ሳህኗን ላመጣ ሆስፒታል ሄድኩ። ቱሪያ ከጣቢያ በቀጥታ እዚያው መጣች፣ ጥቅሉን ሰጠችኝና እኔን ስታይ ገባት። ደረጃው ላይ አቅፌው ተቀመጥኩ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ልጥለው፣ በድንጋይ ልፈጨው አሰብኩ። ዶክተር ክፍሉ አልፎኝ ሄደና ተመለሰ። እጄን አየ።

«ያው ነው?» አለኝ።

«ያው ነው።»

በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተ። «አልጠይቅሽም። ዛሬ አንቺን መጠየቅ ነውር ነው» አለና ሄደ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ። በመስኮቱ የኔነሽን አያታለሁ። ብርድ ልብሱ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፣ ጥርሷ ሲጋጭ ይሰማኛል። የቀመሪያ አልጋ ባዶ ነው፤ ያ ታራግብላት የነበረበት ካርቶን አሁንም የኔነሽ እጅ ውስጥ ነው። ተነሳሁና ጥቅሉን ለነርሷ ሰጠሁ።

ትኩሳት የወረደላት የኔነሽ ናት። ሾርባ የጠጣችው እሷ ናት። ፀጉር ያበጠርኩት የእሷን ነው። ደብዳቤውን ስጽፍ የቀመሪያን ስም አንድም ቦታ አላስገባሁም፤ በዚያ ራሴን ያጸዳሁ መሰለኝ። ደግሞ ጨምር ብዬ ጻፍኩልህ፣ ካልጨመርክ እሷም ትሞታለችና። በሟች ስም ለመንኩህ።

ከዚህ በላይ ልደብቅህ አልቻልኩም። ሽቲ ገዛሁ ስትለኝ አልቻልኩም።

ዛምዛም


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1972 ዓ.ም.

ወንድሜ ጉሌድ፣

አልመለስክልኝም። ልክ ነህ። ቱሪያ ነግራኛለች፤ ደብዳቤውን አንብበህ አጠፍከው፣ ምንም ሳትናገር ወደ ወደቡ ገብተህ ጆንያ ስትሸከም ዋልክ። ልታጽናናህ ብትከተልህም ዞረህ አላየሃትም። ስለ በድሪያ ግን ጠየቅሃት። ለዚያ ነው የምጽፈው።

የዱቄት ወተቱ አልተስማማትም። ተቅማጥ ያዛት፣ ከሳች፣ ማልቀሷ እንደ ድመት ልጅ ሆነ። ዶክተር ክፍሉ ጋ ወሰድኳት። «መድኃኒት የምሰጣት በሽታ የላትም፣ ጡት ነው የምትፈልገው» አለኝ። ሠፈሩን ዞርኩ። የሚያጠቡት ሁሉ የራሳቸው አለባቸው፣ አንድ ቀን ሰጥተው ይደክማቸዋል።

የኔነሽ ከሆስፒታል ወጥታ ለቅሶ ልትደርሰኝ መጣች። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ቁስሏ ገጥሟል፤ ግን ጆሮዋን መድኃኒቱ ወስዶታል። ያልከውን ለዶክተሩ ነግሬው ነበር። መጀመሪያ ጭው ይልብኛል አለች። ዶክተሩ መጠኑን ቀነሰ፣ «አሁን ከማቆምና ጆሮዋን ከማጣት አንዱን መምረጥ ነው» አለኝ። አሁን ከጀርባዋ በር ቢዘጋ አታውቅም። ስትናገር ድምፅዋን መመጠን ስለማትችል ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል።

በድሪያን አልጋ ላይ አየቻት። ስታለቅስ አልሰማችም፣ አፏ ሲከፈት ነው ያየችው። ሳትጠይቀኝ አነሳቻትና ጡቷን አወጣች። ወተቷ ደርቆ ነበር፤ ልጅቷ እየጎተተች መለሰችው። ዶክተሩ መድኃኒቱ ከሰውነቷ ወጥቷል፣ ታጥባት ብሏል። ሸኻችንንም ጠይቄአለሁ፤ የጡት እናቷ ትሆናለች አሉ፣ ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ቤት ነው የምታድረው። ስታጠባት እጇን የልጅቷ ሆድ ላይ ታደርጋለች፣ ማልቀሷን በእጇ ነው የምታውቀው።

የመጣው ይምጣ ብዬ ነው የነገርኩህ።

ዛምዛም


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1972 ዓ.ም.

ዛምዛም፣

አባዮ አልልሽም።

ቀብሯን አላየሁም። ለቅሶዋን አልተቀመጥኩም። ሚስቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ሻይ እጋብዝ ነበር። ያ ሽማግሌ ለሞተች ሴት ጤና ሲለምን እኔ አሚን አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው በሰው ላይ ያደርጋል?

መድኃኒቱንስ? ለወታደር ሚስት። ሰማታርን ከምሳው ላይ ያነሱት ምን ለብሰው ነበር? አብዲራህማን ሥራውን፣ ቱሪያ ራሷን አደጋ ላይ የጣሉት ለእሷ ነበር? እሷ ተነሳች፣ የእኔ ተኛች። ጆሮዋን ጻፍሽልኝ። ምን እንድል ፈልገሽ ነው?

ልጄን ላኪልኝ። አክስቴ ታሳድጋታለች። በሚቀጥለው ሳምንት ቱሪያ ይዛት ትምጣ፣ አሊ ሳቢህ ጣቢያ እጠብቃለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ መልስ አልፈልግም።

ጉሌድ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ጉሌድ፣

ይኸው ልኬልሃለሁ። አባቷ ነህ።

በማንኪያ የተፈላ ውሃ በስኳር ትወስዳለች፤ ቱሪያ ይዛለች። ነጠላውን ፊቷ ላይ አታጥብቁባት። ስትተኛ ጣት መያዝ ትወዳለች፣ የማንም ጣት ይሁን።

የኔነሽን እንዴት እንደነገርኳት ልንገርህ። ስለማትሰማኝ ባቡር በእጄ ሠራሁላት፣ ወደ ጅቡቲ ጠቆምኩ፣ የአንተን ፎቶ አሳየኋት። ፎቶውን ብዙ አየችው። ከዚያ በዚያ በማትመጥነው ድምፅዋ «አባቷ ነው፣ ይውሰዳት» አለች። ልጅቷን አጥብታ አጥብታ ጣቢያ ድረስ ይዛት ልትሄድ ነው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር ብቻ። ያንተ ነበር፣ ሳልጠይቅህ ወሰድኩት። ለዚያ ይቅር በለኝ። ለሰጠኋት ግን ይቅርታ አልጠይቅህም። ሴትየዋ ፊቴ ትንቀጠቀጥ ነበር። ነገም ቢሆን እሰጣታለሁ።

ዛምዛም


አሊ ሳቢህ ጣቢያ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1972 ዓ.ም.

አባዮ ዛምዛም፣

በድሪያ ወዳንቺ እየተመለሰች ነው። ይህን ደብዳቤ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ እጽፋለሁ፤ እሷ ጭኔ ላይ ናት። የመልሱ ባቡር ዕቃ እየጫነ ነው፣ ቱሪያ ቶሎ በል እያለችኝ ነው።

ልወስዳት ነበር የመጣሁት። ይህን እንድታውቂ እፈልጋለሁ። አክስቴ ቤት አልጋ አዘጋጅታለች፣ ፍየል አስራለች። ቱሪያ ከባቡሩ ወርዳ ስታቀብለኝ መጀመሪያ ቀላልነቷ ነው ያስደነገጠኝ። ጆንያ የለመደ ክንዴ ምንም የያዘ አልመሰለውም። የቀመሪያን ፊት ፈለግኩባት፤ አገጯ ላይ አገኘሁት።

ውሃውን መንገድ ላይ ሁሉ ተፍታዋለች። አክስቴ የፍየሉን ወተት አቅጥና ሞከረች፣ አስመለሰችው። የዱቄቱን ሞከርን፣ አስመለሰችው። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ ኋላ ዝም አለች። ለቅሶዋን እችለው ነበር፤ ዝምታዋን ግን አልቻልኩትም። አክስቴ አናቷን በጣቷ ዳሰሰች፣ ለስላሳው ቦታ ሰርጉዷል። ሴትየዋ ነገር አታሽሞነሙንም። «ጉሌድ፣ ይቺ ልጅ ጡቷ የት ነው ያለው?» አለችኝ።

«ድሬዳዋ» አልኳት።

«ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለች?»

ቱሪያ ነገረችኝ። ዛሬ ጠዋት ጣቢያው ላይ ባቡሩ ሲጮህ ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ፤ ያቺ ሴት አልዞረችም፣ የልጅቷን ፊት እያየች ነበር። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ካየች በኋላ ነው ሰጠሁ ያለችው፤ ቱሪያ ልጅቷን ከእጇ ተቀብላ እየሮጠች ነው የተሳፈረችው።

እሷን ወድጃታለሁ ብዬ አልዋሽሽም። ባሏንም አላውቀውም፤ ከተመለሰ ልጅቷን ሲያይ ምን ይል ይሆን፣ እሱንም እፈራለሁ። አንቺንም ገና ይቅር አላልኩሽም። የሾርባውን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ፣ ሌሎቹን ይዣለሁ። ግን ለቀመሪያ ወላሂ ብለሽ ምለሽላት ነበር፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ምን እንደምላት አላውቅም። ሽቲውን ቱሪያ ይዛለች። ለማን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ስሟን አልጠራም።

አብዲራህማን መርከቡ ገባ ብሎኛል። ዶክተሩ የሚፈልገው ካለ በወረቀት ይጻፍ። ለማን እንደሆነ አልጠይቅም።

አሁን እግሯን በክር ለካሁት፤ ክሩን ኪሴ ከተትኩ። ጣቴን ይዛ ተኝታለች፣ ቱሪያ ቀስ ብላ እያላቀቀችኝ ነው።

በየወሩ እግሯን ለክተሽ አዲስ ክር ላኪልኝ።

ጉሌድ